ናሙናው ባለበት ይቆይ

ደግሞስ ደረጃ ድንጋይ ነው እንጂ ንጉሥ አይደል፣ ይላል ፀጉር አስተካካዩ በሆዱ፣ የአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ እጁን ጭኑ መሃል ቀብሮ፣ የሰፈሩ ቅርስ ኮሚቴ አባላት ግን ስለሱ ቤት ደጃፍ ደረጃ ሲያወሩ ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ በእጅ የተጠረበ ጥንታዊ ድንጋይ፣ ከመንገድ በቀጥታ የሚታይ፣ የአካባቢው ገጽታ አካል፣ ምን ያላሉት አለ፣ በዚህ አሮጌ ሰፈር ከመንገድ የሚታይ ነገር ሁሉ የኮሚቴው ነው፣ መስኮቱ፣ በሩ፣ ክዳኑ፣ አሸንዳው፣ ወፍ ክፈፉ ላይ ጎጆ ብትሠራ ንድፍ አቅርባለች ወይ ሳይሉ አይቀሩም። ከመንገድ የማይታየው የግል ነው።

የእናቱ ጉልበት ከመንገድ አይታይም።

ራስ ራሳቸውን ያያል፣ ሙያው ነው፣ ሰውን ከግንባር በላይ ካላየ ያየው አይመስለውም። ሰብሳቢዋ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጠፍረው ከማሰራቸው የተነሳ ቅንድባቸው ተሰቅሎ ቀርቷል፣ ቢቆጡም የተገረሙ ይመስላሉ፣ ወጣቱን አርክቴክት ማጅራቱን የቆረጠው ሰው መጥረቢያ ነው የያዘው፣ ሽማግሌው አባልማ መላጣቸው የሚያብረቀርቀው ለጉድ ነው፣ መብራት ቢጠፋ ስብሰባው በሳቸው ራስ ይቀጥላል። አንዲት ዝንብ መላጣው ላይ ልታርፍ ትሞክራለች፣ ያዳልጣታል።

እማዬ እግሯ አሻፈረኝ ካለ ወዲህ ተሽከርካሪው ወንበር ላይ ናት፣ ደረጃው ደግሞ ለጎማ ፊት አይሰጥም፣ በጀርባዬ ላውርድሽ ቢላት፣ ሂድ ወዲያ፣ ጆንያ ነኝ እንዴ፣ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ መልሶ ሲያዝለኝ ሰፈር ይሳቅብኝ? ሞቴ ነው። አልወጣችም። ዝናቡ መጣ ሄደ፣ ፀሐዩ መጣ ሄደ፣ አልወጣችም፣ አላፊ አግዳሚውን በጫማው ድምፅ ለየችው፣ ግድግዳውን ከማየቷ ብዛት ግድግዳው ራሱ እማዬ ሊላት ምንም አልቀረው።

ለወንበሯ ጎማ ተዳፋት የእንጨት መወጣጫ ልሥራ ብሎ ቢያመለክት ናሙና አቁምና እንየው አሉት፣ ደንብ ነዋ፣ ኮሚቴው ከመንገዱ ማዶ ተሰልፎ አንገቱን እንደ ዶሮ እያዘነበለ ያያል፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ናሙናውን ማንሳት ክልክል። ጎረቤቱ አናጢ ከተራ ጣውላ መታ መታ አድርጎ ደረጃው ላይ ጋደም አደረገው፣ ዝሆን ይችላል፣ አለ፣ አንተን እንጃ እንጂ። ናሙና እንግዲህ ለዓይን ነው፣ ለመሄጃ አይደለም፣ ግን ይህን ለእማዬ ማን ይንገራት። በማግስቱ ከሱቁ ሲመለስ ደጅ አገኛት፣ ብቻዋን ወርዳ፣ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ በተረብ ስትለበልብ ውላለች፣ ጉንጯ በፀሐይ ቀልቷል፣

ውድቅ ይደረግ ባይ ነኝ።

አርክቴክቱ ነው። ደረጃውን ሸፍኖታል፣ ይላል፣ ሰብሳቢዋም እንግዲያው ድምፅ እንስጥ ይላሉ፣ ድምፅ፣ በቃ፣ እጅ ይወጣል፣ ጣውላው ይነሳል፣ እማዬ ወደ ግድግዳዋ። ዓይኑን ወደ ሽማግሌው መላጣ ይመልሳል። ዝንቧን እንደገና አዳለጣት።

ሱቁ ውስጥ ወረፋ በዝቶ ደንበኛ ልሂድ ልሂድ ሲል ምን ያደርጋል? ሁለት ሰዎች መሃል አንዲት ጥያቄ ይጥላል። ለመሆኑ ባለውለታውን የማይረሳው ውሻ ነው ድመት? ከዚያ መቀሱን ይዞ ዞር ነው፣ የተቆረጡት እንደገና እስኪያጎፍሩ ይከራከራሉ፣ የሚሄድ የለም።

እጁ ወጥቷል። የማን እጅ ነው፣ የሱ ነው፣ ማን አዘዘው።

ይናገሩ ወንድሜ፣ ይላሉ ሰብሳቢዋ፣ ቅንድባቸው ጣሪያ ነክቷል።

ይቅርታ እመቤቴ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ እንደው እንዲገባኝ ነው፣ መወጣጫው ቀለም ቢቀባ ድንጋዩን መምሰል ነው ያለበት ወይስ በሩን?

ሰብሳቢዋ ወደ አርክቴክቱ ይዞራሉ።

ድንጋዩን ከመሰለ ማታለል ነው፣ ይላል አርክቴክቱ ቀስ ብሎ፣ አዲስ ነገር አዲስነቱን መደበቅ የለበትም። ሽማግሌው ብድግ፣ አንተ ልጅ፣ ታዲያ ቀይ ቀብተን ጡሩንባ እንንፋለት? በዚህ ሰፈር እንጨት በሩን ነው የሚመስል። በሩስ ድሮ ምን ቀለም ነበረ፣ ይላሉ ሰብሳቢዋ፣ አረንጓዴ፣ የለም ሰማያዊ፣ ይፋቅና ይታይ፣ ማን ይፋቀው፣ ጥንታዊ በር በየት አገር ይፋቃል፣ ነገር ነገርን ይወልዳል ሲባል የዛሬው መንታ ነው የወለደው፣ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ወደ ጭኑ መሃል መልሶ ያዳምጣል፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስል፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ። ይህ ሳይጣራ ድምፅ መስጠት አይቻልም፣ ይላሉ ሰብሳቢዋ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ፣ ናሙናው ባለበት ይቆይ።

ይቆይ።

ሰፈሩ ሲደርስ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፣ እነሱ በሚቆሙበት፣ አንገቱን አዘንብሎ፣ እውነት ለመናገር አስቀያሚ ነው፣ አርክቴክቱ አልዋሸም፣ ያማረ ፊት ላይ የተለጠፈ ፕላስተር፣ ከጫፉም እማዬ፣ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ተኮፍሳ፣ ከመንገድ በቀጥታ የምትታይ።

አንተ ልጅ፣ ምን ተገትረህ ታየኛለህ፣ ምን አሉ?

አልወሰኑም እማዬ፣ በቀለም ተጣልተው።

ይጣሉ፣ ማን አጣደፋቸው፣ ትላለች፣ ዓይኗ አንድ ጠባብ ሱሪ የለበሰ መንገደኛ ላይ፣ እስኪ ወደዚያ ዞር በል፣ ጋረድከኝ።

ዞር ይላል። ክረምት ሲገባ ጣውላው ውሃ ይጠጣ ይሆናል፣ ክርክሩ ከጣውላው ዕድሜ ይርዘም እንጂ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምስማሩን ጥያቄ ነው የሚያነሳው፣ የምስማሩ ራስ ይታይ ወይስ ይቀበር፣ እሱስ ቀላል ነገር ነው እንዴ፣