ስሜነሽና ጣሪያዋ የሚከፈተው መኪና

ስሜነሽ መኪናዋን የገዛች ሰሞን ታላቅ ወንድሟ ወንድይራድ ከሚኖርበት ከሰመርሊን ሰፈር ድረስ መጥቶ ዙሪያዋን ቃኘና «ጣሪያ የሌለው መኪና?» አላት።

«ጣሪያ አላት ጋሼ። ሲፈልጉ ይከፈታል፣ ሲፈልጉ ይዘጋል።»

«ባሏ የሞተባት ሴት፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ ጸጉሯን ለነፋስ ሰጥታ ስትሄድ ሰው ምን ይላል?»

«ሻሽ አስራለሁ።»

ወንድይራድ አልሳቀም። «ቤተ ክርስቲያን ይዘሻት እንዳትመጪ» ብሎ ሄደ።

ንግግሩን ዋጠችው። ለወንድይራድ መልስ መስጠት አልለመደችም። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፤ እሱ በሱዳን በኩል ተሰዶ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ እየላከ አስተማራት፤ ኋላም ዲቪ ደርሷት ላስ ቬጋስ ስትመጣ ኤርፖርት የተቀበላት እሱ ነው። ዕድሜ ልኳን «እርስዎ» ስትለው ኖራለች።

ሥራዋ ካዚኖ ውስጥ ካርድ ማደል ነው። አዳራሹ መስኮት የለውም፤ ውጭው ይዝነብ ይቃጠል አይታወቅም። ባሏ የታመመ ጊዜ ከካዚኖ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ፓራዳይዝ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቷ ስትመላለስ ሰማይ ቀና ብላ ሳታይ ከረመች። ሐዘኑን ከጨረሰች በኋላ የባሏን ቫን ሸጠችና ሌላ ሰው ጥቂት የነዳትን ይችን መኪና ገዛች፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ወንበሯ ክሬም ቆዳ፣ የጨርቅ ጣሪያዋ በተን ሲጫኑ የሚታጠፍ። የቱጃር መኪና አይደለችም፤ ደሃም አይገዛትም።

መልኳን ያየ እንደ ነብር የምትዘል ይመስለዋል። አትዘልም። የጣሪያው ሞተርና ከሥሯ የተጨመረው ብረት አክብደዋታል። ነዳጁን ድንገት ሲረግጡባት መጀመሪያ ዝም ትላለች፤ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ትንሽ ቆይታ ነው የምትነሳው። የተጣጣፈ አስፋልት ላይ መላ አካሏ ይርገፈገፋል። ኩርባ ላይ ሲያጣድፏት ወደ ጎን ትዘነብላለች። ነገር ግን ወደ ሬድ ሮክ፣ ወደ ቀያዮቹ ተራሮች የሚወስደውን ረጅም መንገድ ጣሪያዋን ከፍተው ሳይቸኩሉ ሲይዟት ሌላ ፍጥረት ናት። መሪዋ በሁለት ጣት ይታዘዛል፤ ሞተሯ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንጎራጉራል፤ ነፋሱ ከፊት ተቀምጦ የሚነዳውን ሰው ግንባር ብቻ ዳሶ ያልፋል። ስሜነሽ ይህን ጠባይዋን ቀስ እያለች ተማረች፤ ከተማረች በኋላም በሥራ ማግስት እዚያ መንገድ ላይ ካልወጣች ቀኑ አይሞላላትም።

ወንድይራድ አንድ ጊዜ ነድቷት ያውቃል። መብራቱ አረንጓዴ ከመሆኑ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠውና «ሞተር የላትም! ስም ብቻ!» አለ።

«ጋሼ፣ አያጣድፏት። ጊዜ ይስጧት።»

«ለመኪና ጊዜ የሚሰጥ አላየሁም።»

ያም ሆኖ ትርፉን ቁልፍ እሱ ዘንድ አስቀመጠች። ቁልፍ ቢጠፋባት ከወንድሟ ሌላ ማን አላት?

አንድ የግንቦት ቅዳሜ ስሜነሽ ሥራ የሄደችው በጓደኛዋ በሱዓድ መኪና ነበር። ሱዓድም እዚያው ካዚኖ ካርድ አዳይ ናት፤ ቅዳሜ ሺፍታቸው አንድ ስለሆነ አብረው ይሄዳሉ። ስሜነሽ ከሥራ ስትወጣ የአቶ ሀብተሥላሴ ልጅ ሰርግ ላይ ልትገኝ አስባለች። አቶ ሀብተሥላሴ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ወንድይራድ የሚያከብራቸውም የሚፈራቸውም ሰው።

በእረፍት ሰዓት ሱዓድ ስልኳን ዘርግታ መጣች። «ስሜ፣ ይቺ ያንቺ አይደለችም?»

ፎቶው ላይ መኪናዋ አበባና ቀይ ሪባን ተለጥፎባታል። ሙሽሮቹ ከኋላ ወንበር ከፍ ብለው የጣሪያው መታጠፊያ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጫማቸው ተረከዝ ክሬሙ ቆዳ ላይ ተተክሏል። መሪውን የያዘው ወንድይራድ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ እየሳቀ።

ደወለችለት።

«ምነው፣ ሥራ ላይ አይደለሽም እንዴ?» አላት።

«መኪናዬ የት ናት?»

«እዚሁ እኔ ጋ ናት። ለሙሽሮቹ የተባለው መኪና ቀረ፤ አቶ ሀብተሥላሴ ሲጨነቁ አላስችል አለኝና አመጣኋት። ሰው ሁሉ እንዴት እንደወደዳት ብታዪ!»

«ማንን አስፈቀዱ?»

«ምን ማለት ነው ማንን አስፈቀዱ? ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ በኋላ እናወራለን» ብሎ ዘጋባት።

ስሜነሽ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እስከ ሺፍቷ መጨረሻ ካርድ አደለች። ፈገግ በሉ የሚባልበት ሥራ ነውና ፈገግ አለች። መንጋጋዋ ግን በንዴት ታሟል። ነውር ነው ያላት እሱ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳትደርስ ያላት እሱ፣ ዛሬ ከዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጅ በአበባ አስጊጦ ያወጣት እሱ!

ከሥራ ሲወጡ ሱዓድ ሙሽሮቹ መጀመሪያ ፎቶ ወደሚነሱበት ወደ ከተማው የእንኳን ደህና መጣችሁ ምልክት ወሰደቻት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስሜነሽ ከመኪናዋ ጋር እንደተገናኘች መጀመሪያ ያየችው ጣሪያውን ነው። ጨርቁ ከማዕዘኑ ተቀዶ፣ የተጣመመ ብረት በቀዳዳው ወጥቶ ይታያል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ጣሪያው ሲከፈት የሚታጠፈው ወደ ኋላው ዕቃ መጫኛ ነው፤ ቦታው ከተያዘ በተኑን ቢጫኑት እምቢ ይላል። ወንድይራድ የለስላሳና የውሃ ካርቶን ሞልቶበታል። እምቢ ሲለው ከሚዜዎቹ ጋር ሆኖ በእጁ ገፍቶ አስገባው።

«ምን አደረጓት?» አለችው።

«ድሮም ጨርቅ ናት! ይሰፋል» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«ቁልፌን ይስጡኝ።»

ሙሽራይቱ ሮሐ፣ የአቶ ሀብተሥላሴ ልጅ፣ እዚያው አሜሪካ ያደገች ናት። ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስትሰማ ቆይታ ቬሏን ሰብስባ ልትወርድ ተነሳች። «እቴቴ፣ አይ አም ሶ ሶሪ። እሱ ነው፣ እህቴ እሺ ብላለች አለን።»

«እሺ ብላለች አለ?»

«የስ። ሃፒ ነች አለ።»

ስሜነሽ ልጅቷን አየቻት። በሰርጓ ቀን በፀሐይ ላይ ቆማ በሌላ ሰው ጥፋት ይቅርታ የምትጠይቅ ልጅ! «አንቺ ምን አደረግሽ የኔ ልጅ? ቁጭ በይ። ቀጥሎ ፎቶ የምትነሱበት እኔ አደርሳችኋለሁ። እግራችሁን ብቻ ከወንበሩ ላይ አውርዱ።»

ሙሽራው ኤልሮኢ ከጎኗ ተሸጉጦ ተቀመጠ። ወንድይራድ ቁልፉን ሰጥቶ፣ እንግዳ ፊት እንዳይታማ ይሁን እንጃ፣ ከስሜነሽ አጠገብ ገባ። የቀሩት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ተከተሉ።

የሚሄዱት ሬድ ሮክ ነው። በሀይዌይ ቢወጡ ይቀርባል፤ ግን በፍጥነት መንገድ ላይ የዚህች መኪና ነፋስ ከፊት ዘሎ ኋላ ያለውን ሰው ነው የሚደበድበው፤ የሮሐ ቬል አይተርፍም። ስለዚህ ስሜነሽ በቻይና ምግብ ቤቶቹ ሰፈር በቻይናታውን በኩል፣ በስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ወጣች። መሪውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች። በተጣጣፈው አስፋልት ላይ የተጣመመው ብረት በየጉድባው ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ባለ ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ወንድይራድ ዝም ቢል ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ዝም አላለም። ወደ ሙሽሮቹ ዞሮ ሳቅ እያለ «አይዟችሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንሽ እንዲህ ያደርጋታል» አላቸው።

ስሜነሽ ነዳጁን ረገጠችው። መኪናዋ እንደልማዷ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ክብደቷን ሁሉ ሰብስባ ተስፈነጠረች። ሮሐ ጮኸች። ቬሏ ተነስቶ ኤልሮኢ ፊት ላይ ተጠመጠመ። ስሜነሽ ጩኸቱን ስትሰማ እግሯን አነሳች፤ ፍጥነቷን አብርዳ ምግብ ቤቶቹ ፊት ለፊት ካለው ፓርኪንግ ገብታ ቆመች።

«ውረድ» አለች።

ወንድይራድ ማንን እንዳለች ለማወቅ ወደ ኋላ ዞረ። ኤልሮኢን ያለችው መስሎታል።

«አንተን ነው። ውረድ።»

«አንተ? እኔን ነው አንተ ያልሽው?»

«አዎ፣ አንተን! ውረድ ከመኪናዬ!»

«አብደሻል እንዴ? እኔ እኮ...»

«አንተ እኮ ምን? አስተማርከኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ፤ ስንት ዓመት አመሰገንኩህ! ስለ ባሌ ሞት ግን በሰው ልጆች ፊት አትስቅም! ኀፍረት ነው ያልካትን መኪና ሰርቀህ፣ ሰብረህ፣ እሺ ብላለች ብለህ ዋሽተህ፣ አሁን ደግሞ እኔን እብድ ልታደርገኝ? ውረድ አልኩህ!»

ወንድይራድ ሙሽሮቹን አያቸው። ኤልሮኢ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። ወንድይራድ በሩን ከፍቶ ወረደና በሙሉ ሱፉ አስፋልቱ ላይ ቆመ። ከኋላ የተከተሉት አጃቢዎች የሰርጉ ፕሮግራም መስሏቸው ጥሩምባቸውን አንባረቁት፤ አንዷማ እልል አለች። በኋላ አንድ ቫን አስገባው፤ ሕፃናትና የኬክ ሣጥን መሃል ተጣቦ ሄደ።

ስሜነሽ መሪውን እንደጨመደደች ወደ ሬድ ሮክ ቀጠለች። ተራሮቹ ሲቀርቡ ግን መኪናዋ መንገዷን አገኘችና ተረጋጋች። ሮሐ ከኋላ ሆና በቀስታ «እቴቴ፣ አሁን በጣም ጥሩ ነው የምትሄደው» አለች።

«መንገዷ ነው» አለች ስሜነሽ።

ሙሽሮቹን ፎቶ አስነስታ አዳራሹ ደጅ አደረሰቻቸው፤ ሰርጉ ግን አልገባችም። አበባውን አንድ በአንድ ነቅላ ቤቷ ሄደች።

በሳምንቱ አቶ ሀብተሥላሴ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው፣ ወንድይራድን ይዘው አፓርትመንቷ መጡ። ጠላትን ስለ ማሳፈር፣ ስለ ደም፣ ስለ ታላቅነት ብዙ ተናገሩ። «ታላቅሽን አንተ ብለሽ መንገድ ላይ ጥለሽዋል። እግሩን ሳሚና ይቅር ይበልሽ» አሉ።

«መኪናዬን ሲወስድ ማንን እንደጠየቀ ጠይቃችሁታል?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሀብተሥላሴ «እኛማ የፈቀድሽ መስሎን ነው» አሉ፤ ያፈሩ ይመስላሉ።

ወንድይራድ ግን «ለእህቴ ዕቃ ፈቃድ ልጠይቅ?» አለ።

«ሰማችሁት?» አለች ስሜነሽ። «አሁንም እንዲህ ነው የሚለው። በድዬሻለሁ ይበልና እግሩን እስማለሁ። አንድ ቃል ናት።»

ወንድይራድ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ተከተሉት፤ አቶ ሀብተሥላሴ ብቻ በሩ ላይ ቆም ብለው «ልጄ፣ እኔን ይቅር በይኝ» ብለዋት ሄዱ። ይቅር አለቻቸው።

ከወንድሟ ጋር አይነጋገሩም። ቤተ ክርስቲያን ሲተላለፉ እሱ ቀና ብሎ ጉልላቱን ያያል። እሷ መኪናዋን በሩ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ትገባለች።

በአንድ የእረፍት ቀናቸው ጠዋት ሱዓድን ይዛት ወደ ተራሮቹ ወጣች። ሱዓድ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ ፊቷን ስታይላት ቆየችና «አሁንም አልበረደልሽም?» አለቻት።

«አልበረደልኝም።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ እንጃ ሱዓድ። ስናደድ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው» አለችና ማርሹን ቀይራ ዳገቱን ተያያዘችው።