በር የሌላት ትንሽ ሱቅ

ሸዋሉል ውሸት አይሆንላትም ነበር። ሱቅ በነበራት ጊዜ እንኳ ለደንበኛ «ትኩስ ነው» ማለት ያቅታትና «ዳቦው የትናንት ነው፤ ከፈለግህ ውሰድ» ትል ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ሦስት ወር ሙሉ፣ በየማታው፣ ለገዛ ባሏ ዓይኗን በጨው አጥባ ስትዋሽ ከረመች ቢባል ማን ያምናል? እሷ ራሷም አታምንም።

አሶሳ የክልል ከተማ በሆነች በሁለተኛው ዓመት መንገድ ይሰፋል ተባለ፤ በገበያው መስመር ሱቅ ላላቸው ሁሉ የማፍረሻ ደብዳቤ ደረሳቸው። ባሏ ቢሻው ያኔ በወባ ንዳድ ተይዞ ቤት ተኝቷል። ሱቁን የሠራው እሱ ነው። ከወሎ ተጭነው መጥተው ሰፈራ ከወረዱ በኋላ፣ በሰው ቤት እያናጠ፣ ከዚያ በተረፈችው ሰዓት ጣውላ እየላገ ለሦስት ዓመት ገነባው። ዓይኑ እያየ የሠራው የመጨረሻ ሥራም ያው ሆነ። ወንዝ ዳር ያለው ዝንብ ነው ዓይኑን ቀስ እያለ የወሰደው፤ ሐኪሞቹ እንዲያ አሉ። «ዓይኔ ቢሄድ ሱቄ አለ» ይል ነበር ቢሻው፤ ለመጣው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለው።

ስለዚህ ሸዋሉል ደብዳቤውን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ያዘችው። ንዳዱ ሲለቀው እነግረዋለሁ አለች። ንዳዱ ሳይለቀው ሱቁ ፈረሰ። ቆርቆሮውንና ጣውላውን ሸጣ መድኃኒትና እህል ገዛችበት። በሩን አንድ የካማሺ ሰው ወስዶ በጭነት መኪና አናት ላይ አሰረው፤ መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ ሸኘችው።

ቢሻው በተሻለው ቀን ማታ፣ ትራሱ ላይ ቀና አለና «ዛሬስ ማን መጣ?» አላት። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ የቤቱ ልማድ ይህ ነው። እሷ ሱቅ ዘግታ ስትገባ ማን ምን እንደገዛ፣ ማን ማንን እንዳማ ትነግረዋለች፤ እሱ ይስቃል፣ አንዳንዴም ይፈርዳል። ሸዋሉል አፏን ከፈተች። «ፈረሰ» ልትል ነበር።

«ማህጁብ ከጎን ሱቅ መጥቶ የባትሪ ድንጋይ ወሰደ» አለች።

በቃ፣ የመጀመሪያዋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያለው ተከትሎ መጣ። ቀን ቀን ከአዲሱ የክልሉ ቢሮ አጥር ሥር ሸራ ዘርግታ ልባሽ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ማታ ማታ የሌለ ሱቅ ውስጥ የሌለ ሰው ታስተናግዳለች። «ወደ ሱቅ ውሰጂኝ» ሲላት «መንገዱን ቆፋፍረውታል፤ ትሰበርብኛለህ» ትለዋለች። ይህችኛዋ እንኳ እውነት ነበረች።

አንድ ቀን ከሱዳን በኩርሙክ በኩል የገባ የጨርቅ ቦንዳ ስትፈታ፣ ከሹራቦቹ መሀል አንድ ካርቶን ወጣ። ክዳኑ ላይ የአንዲት ትንሽ ሱቅ ሥዕል አለ፤ ውስጡ ደግሞ ተቆርጠው የተዘጋጁ ስስ ጣውላዎች፣ ጥፍር የሚያካክሉ መደርደሪያዎች፣ የደረቀ ማጣበቂያ። የፈረንጅ ልጆች ገጣጥመው የሚጫወቱበት ነው። እጁ ሥራ እንዳይፈታ ብላ ወስዳ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

ቢሻው ጣውላዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ አሸተተ። «የላገው ሰው እጁ ይባረክ» አለ። ከዚያም ከአንድ ትንሽ ከረጢት ክብ ክብ ነገር አውጥቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አላት።

«ኬክ ነው መሰለኝ። የኬክ ሱቅ ናት።»

«እኛ ሱቅ ምን ኬክ አለ?» ብሎ ኬኩን ሁሉ ሰብስቦ ሰጣት። «ውሰጅልኝ። ይቺ የኛ ሱቅ ነው የምትሆነው።»

እንዲያ ብሎ ጀመረ። የመስታወቱን ግንባር ነቅሎ ወደ ላይ የሚከፈት የእንጨት መስኮት አደረገላት። ለጣሪያው የቲማቲም ጣሳ ቀጥቅጦ እንደ ቆርቆሮ አሸበሸበው። ቋሚዎቹን ከቀርከሃ ስንጣሪ ሠራ፤ በደረቀው ማጣበቂያ ፈንታ የዛፍ ሙጫ አስመጣ። ሸዋሉል ከልባሽ ጨርቅ ጣት ጣት የሚያህሉ ጆንያዎች ሰፋችለት፤ ጤፍ ሞላቸውና «ስኳር» አላቸው። ሦስተኛዋን መደርደሪያ ሆን ብሎ አጎበጣት። «የሱቁ አሁንም እንደጎበጠች ናት አይደል?» አላት። «እንደጎበጠች ናት» አለች ሸዋሉል።

ደስ ብሎት ነበር። ሸዋሉልን የገደላት ይኸው ደስታው ነው። እንዲህ ሲያፏጭ ከሰማችው አራት ዓመት ይሆናታል። አንድ ቀን የትንሿን ሱቅ ጎን በቢላዋ ቀዶ ጣቱን በቀዳዳው አሾለከና «አየሽ ሸዋዬ» አላት፤ «ከተማው ክልል ሆኗል። መንገዱ ሲሰፋ ሰው ይበዛል፣ ባንድ በር አንችለውም። በዚህ በኩል ሁለተኛ በር እንከፍታለን። መጀመሪያ እዚች ላይ ልሞክረው።» ሸዋሉል ውኃ የምትቀዳ መስላ ጓሮ ወጣችና እንስራው አጠገብ ቆማ አለቀሰች።

ከፈጠረቻቸው ደንበኞች ሁሉ ቢሻው አብልጦ የወደዳት አንዲት የባምባሲ ነፍሰ ጡር ነበረች። ለሐኪም ክትትል መጥታ ዘመድ ቤት አርፋለች፤ በየቀኑ ትመጣና ሳሙና ትገዛለች፣ ደክሟት ትቆማለች። «ምነው ሴትዮዋን አታስቀምጫትም?» ብሎ ተቆጣና ለትንሿ ሱቅ ደጃፍ አንዲት አግዳሚ ወንበር ሠራ። አንድ ማታ «ወለደች ወይ?» ሲላት ሸዋሉል «ወለደች፤ ሴት ልጅ» አለችው። ቢሻው «እሰይ! እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ። የእነሱ አንዲት ልጅ በሰፈራው የመጀመሪያ ክረምት ነው የሞተችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው «እሰይ» ተብሎ አያውቅም።

ማህጁብ ከሱቋ ጎን ሱቅ የነበረው የበርታ ነጋዴ ነው፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ የእሱም ሱቅ በዚያው ሳምንት ፈርሷል። ሊጠይቅ ሲመጣ ሸዋሉል የሱቁን መፍረስ እንዳያነሳ ደጅ ላይ ለምናው ገባ።

«ቢሻው! አንተ ደህና ነው?» አለ ማህጁብ። «ዱካን ሰው ሞልቷል፣ ወላሂ። እኔ ቆሞ ቆሞ እግር አመመ።»

«ያንተስ ሱቅ?»

«ኸይር፣ ደህና ነው» አለ ማህጁብ። ሲወጣ ግን ሸዋሉልን አጥሩ ጋ አስቆማት። «ሸዋሉል፣ ይሄ ሐራም ነው። አንተ ንገረው።»

«ነገ።»

«ነገ፣ ነገ፣ አንተ ሁልጊዜ ነገ ነው» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ቢሻው ሜትር ይዞ አያውቅም። «ሜትር ማንንም አያውቅም» ይላል። የሚለካው በገመድ ነው፣ ያውም በሰው ላይ። አልጋ ያዘዘውን መሬት ላይ አስተኝቶ ገመድ ይዘረጋበታል፤ ወንበር ያዘዘውን ጆንያ ላይ አስቀምጦ ከተረከዝ እስከ ጉልበት ይቋጥራል። ሰው ይስቅበት ነበር፤ ሥራው ግን ማንንም ቆርቁሮ አያውቅም።

ትንሿ ሱቅ አልቃ በሮቿ ብቻ ሲቀሩ፣ ለሸዋሉል ገመድ ሰጣት። «ሁለተኛውን በር የምሠራው በመጀመሪያው ልክ ነው። ግን ጎርፍ ደፉን ስንት እንደሞላው አላውቅም። ዛሬ ያለውን ቁመት ለክተሽ፣ ቋጥረሽ አምጭልኝ። አራት ጊዜ አጥፌ ለትንሿ አወርደዋለሁ።»

ሸዋሉል በማግስቱ ገመዱን ይዛ ሸራዋ ላይ ዋለች። በግምት ቋጥራ መሄድ ትችል ነበር። አልሆነላትም፤ ያን ሁሉ ሰው ከባዶ የፈጠረች ሴት የበር ልክ ከባዶ መቋጠር ነውር መሰላት። በር ፈለገች። ከፊቷ ያለው የአዲሱ ቢሮ በር ነው። ዘበኛው «እናቴ፣ በሩን ልትገዢው ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅባት በእግር ጣቷ ቆማ ለካች፣ ቋጠረች።

ማታ ቢሻው ገመዱን በክንዱ እየሰፈረ ሄደ። መሀል ላይ ቆመ። እንደገና ሰፈረ።

«እስቲ ነይ፣ ቁሚ» አላት።

ከፊቱ ቆመች። ጎንበስ ብሎ የገመዱን ጫፍ ተረከዟ ሥር አስረገጣትና በጀርባዋ ሽቅብ እየሳበ አናቷ ላይ ደረሰ። ቋጠሮው ገና ነው፤ አናቷን አልፎ፣ የተዘረጋ እጁንም አልፎ ሄደ። ያኔ ነው ሸዋሉል ትዝ ያላት። ሱቁ ሲሠራ አንድ ቀን ግድግዳ አስደግፎ ገመድ ዘርግቶባት ነበር። ሲቀልድባት መስሏት ስቃ፣ ረስታው።

«ካንች ላይ አንድ ስንዝር ነው የጨመርሁት» አለ ቢሻው ቀስ ብሎ። «እንስራ ተሸክመሽ ካልሆነ በቀር እንዳትጎነበሽ። ጎርፍ ያሳጥረዋል እንጅ አያስረዝመውም። የማን በር ነው?»

ሸዋሉል ተረከዟን ከገመዱ ላይ አነሳች።

«ሸዋሉል። የማን በር ነው?»

«የቢሮው።»

«የኛስ?»

«ፈርሷል» አለች። ሦስት ወር አንቆ የያዛት ቃል እንዲህ አጭር መሆኑ ገረማት። «ንዳድ ላይ ሳለህ።»

እስኪቆጣ ጠበቀች። ቢቆጣ፣ ቢሰድባት፣ ገመዱን ቢወረውርባት ደስ ባላት። ቢሻው መደቡ ላይ ቁጭ አለ።

«የባምባሲዋስ?»

«የለችም። እኔ ነኝ ያመጣኋት።»

«ልጅቱስ?»

«እሷም።»

ቢሻው እጁን ሰዶ ትንሿን ሱቅ ዳሰሰ፤ ደጃፏ ላይ አግዳሚዋን አገኛት። ነቀላት። የት እንደሚያኖራት ጠፍቶት መዳፉ ውስጥ ይዟት ቆየ።

በማግስቱ ሸዋሉል ስትገባ እንደ ወትሮው አጠገቡ ተቀመጠች። «ዛሬስ ማን መጣ?» ይላል ብላ ጠበቀች። አላለም። ራሷ ጀመረች። «ዛሬ ሁለት ሹራብ ተሸጠልኝ» አለች፤ እውነት ነበር። «ደህና» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለካ በማታ ወሬያቸው ውስጥ ሱቁ እስከ ትናንት ድረስ ቆሞ ነበር፤ ይህን ያወቀችው አሁን ነው፣ እና ያዘነችውም ገና አሁን ነው።

ትንሿን ሱቅ ከዚያ ወዲያ ማንም አልነካት። ሁለቱ የበር ቀዳዳዎቿ እንደተከፈቱ መደቡ ጥግ ቀረች። ክረምቱ እንደገባ አንድ ማታ ቢሻው ጆሮውን አቀናና «ምስጥ ጀምሯታል» አለ። ሸዋሉል ኩራዙን አስጠግታ አየች፤ የቀርከሃ ቋሚዎቹ ሥር አፈር ወጥቷል።

«ላውጣት? ጸሐይ ላይ ባሰጣት እኮ ይተዋታል።»

«ተያት» አለ።

ተወቻት።