ያልተከራከረው ገዢ

የመሣሪያ ባዛር ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ስለ ባዛሩ ብዙ ያውቃሉ። የከተማ ሰዎች ወንበዴ ለወንበዴ የሚሸጥበት ይመስላቸዋል። የእኛ የአሜሪካ ኦዛርክ ተራራ ሰዎች ደግሞ ከእሑድ ጸሎት ቀጥሎ የተቀደሰ ነገር እሱ ነው ብለው ይምላሉ። እኔ ያደግሁት ከአጎቴ ከሮስኮ ጋር የመሸጫ ጠረጴዛ ይዤ ስለሆነ ሁለቱንም ወገን አላምንም። ባዛሩ ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ እንደ ሻጩና እንደ ገዢው ነው።

ጥሩነቱን ላስቀድም። ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ጠመንጃ በአንድ ዓይነት ዋጋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቅሃል። የእኛ ባዛር በሚቆምበት የከብት ትርኢት አዳራሽ ውስጥ ግን አያትህ አጋዘን ያደነበትን ዓይነት፣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ መለዋወጫው የጠፋውን፣ እንጨቱ በሰው ጉንጭ የወዛውን ታገኛለህ። ሰዉ ጠመንጃውን አንግቶ፣ አፈሙዙ ላይ ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ሰክቶ በመተላለፊያው ይንሸራሸራል፤ የፈለገ ያስቆመዋል። መሣሪያ መፍታትና መግጠም የተማርኩት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከዚያ አዳራሽ ነው። ኮሌጅ አላስተማረኝም፤ የሚያርመኝ የኮሌጅ ሰውም እስካሁን አልመጣም።

መጥፎነቱ የሚወጣው ከዚያው ከጥሩነቱ ነው። አጎቴ የንግድ ፈቃድ ስላለው የሚገዛውን ሁሉ ቅጽ ያስሞላል፣ ስልክ ደውሎም ወንጀል እንደሌለበት ስሙን ያስጣራል። የገዛ ንብረቱን የሚሸጥ ተራ ሰው ግን እኛ ዘንድ ይህ ግዴታ የለበትም። ዶላሩን ይቀበላል፣ እጅ ይጨብጣል፣ አለቀ። ከመተላለፊያው ማዶ፣ ፊት ለፊታችን የሚቀመጠው ዴልማር ፒክንስ እንዲህ ያለ ሻጭ ነበር። ከእንጨት መሰንጠቂያ በጡረታ ወጥቶ፣ ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን መሣሪያ አንድ በአንድ እያወጣ ይሸጣል።

ዴልማርና አጎቴ አይነጋገሩም ነበር። ጥፋቱ የአጎቴ ቀልድ ነው። ባለፈው መኸር አንድ የከተማ ሀብታም የዴልማርን ምርጥ ጠመንጃ ሊገዛ ዶላሩን ሲያወጣ፣ አጎቴ በዴልማር ጆሮ፣ ሰውየው የመንግሥት ሰላይ ነውና ተጠንቀቅ ብሎ ሹክ አለው። ዴልማር ደንግጦ ጠመንጃውን ጨርቅ አለበሰው። ሀብታሙም ተሻግሮ ከእኛ ገዛ። አዳራሹ ቀኑን ሙሉ በዴልማር ሲስቅ ዋለ፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ዴልማር ግን አልሳቀም። “ሮስኮ፣ ከዛሬ ወዲያ ስለ ገዢ የምትነግረኝ ነገር ካለህ ለውሻዬ ንገራት” ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰው ወደ እኛ ጠረጴዛ የመጣው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ በጣለበት ቅዳሜ ነው። ጺሙን በጥንቃቄ የተላጨ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ሽጉጥ አነሳና ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ።

እውነተኛ ገዢ እንዲህ አይጠይቅም። እውነተኛ ገዢ ሽጉጡን ከፍቶ በርሜሉን በብርሃን ያያል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ዋጋው ዝርፊያ ነው ይላል፣ ጥሎ ይሄዳል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ በአጋጣሚ ያለፈ መስሎ ይመለሳል። ይህኛው ዋጋ ሲነገረው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አጎቴ ለምን እንደፈለገው ቢጠይቀው ለቤት ነው አለ። ቤት ማን አለ ቢለው ማንም የለም አለ። ጥይት ሲያሳየው ደግሞ ሙሉ ፓኮ አያስፈልገኝም፣ ትንሽ ይበቃኛል አለ።

የአጎቴ እጅ ሽጉጡ ላይ አረፈ። ይቅርታ፣ ለካ ይሄኛው ተሸጧል፣ ባለቤቱ ሊወስደው እየመጣ ነው ብሎ ዋሸ። ወንበር ሳበለት፣ ከቁርሱ የተረፈውን የቋሊማ ሳንድዊች ለሁለት ከፍሎ ሰጠው። ሰውየው ሳንድዊቹን ተቀበለ፣ ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጠም። አመስግኖ ሄደ።

በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። አንድ ሻጭ ገዢ ካላማረው ለጎረቤት ጠረጴዛ ይነግራል፣ ጎረቤቱም ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። “ሰማያዊ ኮፍያ፣ አይሸጥለት” የሚለው ቃል ሰውየው መተላለፊያውን ሳይጨርስ አዳራሹን ዞረ። ቃሉ ከአጎቴ የመጣ ስለሆነ ማንም ያልደፈረው የዴልማርን ጠረጴዛ ብቻ ነው። ተሻግሬ ሄድኩ።

“ሚስተር ዴልማር፣ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ይመጣል። እባክዎ አይሽጡለት።”

“ምንድነው እሱ ደግሞ፣ ሰላይ ነው?”

“አይደለም። ሰውየው ደህና አይደለም።”

“አሃ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሐኪም ሆናችኋል። ስሚ ምላሰኛዋ፣ ያው ወጥመድ ሁለቴ አይዘኝም በይልኝ አጎትሽን።”

አጎቴ አልላከኝም፣ በራሴ ነው የመጣሁት አልኩት። አንቺም የሱ ዘር ነሽ አለኝ። ለነገሩ ምን ይፈረድበታል? ገዢን አጥላልቶ መንጠቅ በባዛር የታወቀ ተንኮል ነው፤ እሱ ደግሞ ተንኮሉን ቀምሶታል።

ተመልሼ፣ አንተ ራስህ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው፣ ያኔ ያምንሃል አልኩት አጎቴን። ወደ ማዶ አየ። አንገቱ ቀላ። ፊት ለፊቱ ቅጽ የሚሞላ ደንበኛ ቆሞ ነበርና እሱን ጨርሼ እሄዳለሁ አለኝ። ደንበኛውን እኔ ላስጨርሰው እችል ነበር፤ ያንን እሱም ያውቃል። ቀና ስንል ሰማያዊው ኮፍያ ከዴልማር ጋር እጅ እየተጨባበጠ ነበር።

ሮጥኩ። ሰውየው ከበሩ ወጥቶ ነበር። አሮጌ ፒካፑ ውስጥ ገብቶ፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ የቀረችውን ሳንድዊች ሲበላ ደረስኩበት። መስኮቱን አወረደ።

“ያንን ሽጉጥ እኔ ፈልጌው ነበር” አልኩት። “ከገዙበት በላይ ልስጥዎት።”

ፈገግ አለ። “ከገዛሁበት በላይ? እንዲህ እየነገድሽማ አትከብሪም።”

“ንግዱንስ አውቀዋለሁ። ስለማውቀው እኮ ነው የመጣሁት። እርስዎ አልተከራከሩም።”

መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ዝናቡ እጅጌዬን አልፎ ገባ።

“የምትከራከረው ሚስቴ ነበረች” አለኝ።

ስሙን ጠየቅሁት፣ አልነገረኝም። ሽጉጡን ለሳምንት ብቻ እኛ ዘንድ ያስቀምጡት፣ እኔ አጸዳልዎታለሁ፣ አንድ ሳንቲም አልቀበልም አልኩት። ለአጎትሽ ሳንድዊቹ ግሩም ነበር በይው አለኝና መስኮቱን ዘግቶ ሞተሩን አስነሳ። በሩን ይዤ ትንሽ አብሬው ሄድኩ፤ ከዚያ መኪናው በለጠኝ።

ታርጋውን ለአጎቴ ነገርኩት፣ እሱም ወዲያው የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ ጋ ደወለ። ሽጉጥ መግዛት ወንጀል እንዳልሆነ ከነገሩት በኋላ፣ ግን ሰው እንልካለን አሉት። ላኩም። ሰውየው በሩን ከፍቶ፣ የተላከውን ፖሊስ በጨዋነት አነጋግሮ፣ ደህና ነኝ ብሎ ሸኘው። ደህና ነኝ ያለን ሰው ማን አስሮ ያሳድረዋል? ሳምንቱ ሳያልቅ በዚያው ሽጉጥ መሞቱን ሰማን። ኤልዊን ይባል እንደነበረ ያወቅሁት ከቀብር ማስታወቂያው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነበር።

ከተማ ያሉት ይህን ቢሰሙ፣ ባዛራችሁ ይዘጋ ይሉኛል። የሰፈሬ ሰዎች ደግሞ፣ ሱቅ ሄዶ ቢገዛስ ኖሮ? ስሙን ቢያጣሩት ንጹሕ ነው፣ ይሸጡለት ነበር ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ስም የሚያጣራው ስልክ ፊት አያይም። አዳራሹ ግን አይቶት ነበር። አይቶ የሚነግረንን ሰው ማመን ነው ያቃተን።

የጸደዩ ባዛር ላይ ዴልማር እንደ ወትሮው ቦታውን ተከራይቶ መጣ። አረንጓዴ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከዚያ ምንም ሳያወጣ ተቀመጠ። አጎቴ ገና ሳጥኖቹን እየፈታ ነበር፤ አይቶት ሥራውን ተወ። መተላለፊያውን ተሻገረ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ።

“ዴልማር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለው። “ያን ቀን ራሴ መምጣት ነበረብኝ።”

ዴልማር ቀና አላለም። ጨርቁን በመዳፉ ያስተካክላል፣ የተስተካከለውን መልሶ ያስተካክላል።

“ዋጋውን ተናግሬ ሳልጨርስ ከፈለኝ” አለ። “ደስ አለኝ እኮ፣ ሮስኮ። ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ነገርኳት፣ ዛሬ የማይጨቃጨቅ ጨዋ ሰው ገጠመኝ ብዬ።”

አጎቴ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። በሮቹ ተከፍተው ሰዉ መግባት ጀመረ። አንድ አላፊ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ምን እንደሚሸጡ ጠየቃቸው። ዴልማር ጨርቁን ማስተካከሉን ቀጠለ፣ አጎቴም ጫፉን ያዘለት፤ ጠያቂው ትከሻውን ነቅንቆ አለፈ።