ወደ ኋላ አልሄድ ያለች መኪና

...ደግሞ እምቢ አለች፣ ክርርር፣ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ አሁንም ክርርር፣ ፍሪሲዮን ይሁን፣ አምላኬ ፍሪሲዮን ብቻ ይሁን፣ እሱ ቢሆንማ አስተካክሎ ይሰጣል፣ እማማ መሰለችም ይገዛሉ፣ ብሩህም ይሸጣል፣ ማንም ከማንም አይቀያየምም። ፀሐዩ መሪውን እንደ ያዘ በመስኮት ያያቸዋል፣ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው የጋራዡ በር ላይ ቆመዋል፣ ልጄ አንተ ካየህልኝ ይበቃኛል ብለው ነው ከበሰቃ ሰፈር መካኒክ ሁሉ እሱን የመረጡት፣ ልጃቸው ከቱሉ ዲምቱ ሰው ሊጭንባት ነው፣ ሻጩ ብሩህ የፀሐዩ አበልጅ መሆኑን ግን አያውቁም፣ አልነገራቸውም፣ ለምን አልነገራቸውም?

ብሩህ ስልኩን የሚነካካ ይመስላል። አይነካካም። ጆሮው እዚህ ነው።

ሞተሩን ያጠፋል፣ የኋላ ማርሹን ያስገባል፣ ዝም ብሎ ገባ፣ እሰይ፣ ያስነሳል፣ መጀመሪያ አንደኛ ከዚያ ወደ ኋላ፣ የድሮ ሾፌሮች ዘዴ፣ ገባ! ፍሪሲዮን ነው አላልኩም? ቀስ ብሎ እግሩን ያነሳል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች፣ ጧ፣ ማርሹ ራሱ ተስፈንጥሮ ወጣ። እንደገና። አሁን በእጁ ጭኖ ይይዘዋል፣ መዳፉን ይገፋዋል፣ ጧ። የማርሹ ጥርስ አልቋል፣ ካምቢዮው መከፈት አለበት፣ ለካ ብሩህ አፍንጫዋን ወደ መንገድ አቁሞ የጠበቃቸው፣ እማማን ጭኖ ቀጥ ብሎ እስከ ቃሊቲ ነድቶ አደባባይ ዞሮ የመለሳቸው ለዚህ ነው፣ ያውቅ ነበር፣ አቦ ብሩህ፣ እንዲህም ታደርጋለህ እንዴ፣ ልጄን ክርስትና ያነሳህልኝ ሰው፣ ስታመም አልጋዬ ሥር ያደርክ ሰው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፣ ይደር እንግዲህ፣ ፍሪሲዮን ነው ብሏቸው ይደር፣ ከዚያ ያ የእማማ ልጅ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ልመለስ ሲል...

ምን ሆነች ልጄ፣ ይላሉ እማማ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው።

ካምቢዮዋ ነው እማማ፣ ይቅርብዎ።

አፉ ነው የተናገረው፣ እሱ ገና አልወሰነም ነበር። እማማ ብሩህን አንዴ፣ እሱን አንዴ ያያሉ፣ እግዜር ይስጥህ ብለው ይሄዳሉ። ብሩህ ስልኩን ኪሱ ይከታል። መኪናዋ መውጣት አለባት፣ አፍንጫዋ ግን ከግድግዳው ጋር ተፋጧል፣ ራሱ ፀሐዩ ነው እንዲህ ያስገባት፣ በራሷ አትወጣም፣ ሁለቱም ከፊት ቆመው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ፣ ትከሻው ትከሻውን ይነካዋል፣ አበልጄ ይለዋል ፀሐዩ፣ ብሩህ አያየውም።

ግፋ፣ ይላል ብሩህ።