የሚስተር ሆሊስ በር

"ቨርነን፣ መኪናህን ከመስመሩ ላይ አንሳ አልኩህ!"

ደልፊን አንጸባራቂ ሰደርያዋን ለብሳ የታናሽ ወንድሟን መኪና ሰሌዳ በስልኳ ፎቶ ታነሳለች። ቨርነን በትልቁ የከሰል ስጋ መጥበሻው ጭስ መሃል ሆኖ ይስቃል።

"ኧረ እዩልኝ! አውቶቡስ መንዳቱን ትታ ፖሊስ ሆነች። እህቴ፣ ይልቅ ይቺን ጎድን ቅመሺ፣ እጅ ታስቆረጥማለች።"

"ፖሊስ አይደለሁም፣ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። ቅጣት እንድጽፍ ግን ከተማው አሰልጥኖ ፈቅዶልኛል።"

አርብ አመሻሽ የትምህርት ቤቱ ቡድን ሲጫወት፣ በዚያች የቴክሳስ ከተማ ቤቱ የሚቀር የለም። ቨርነን ደግሞ ከስታዲየሙ በር አጠገብ መጥበሻውን ዘርግቶ ለመጣ ለሄደው ሁሉ በነጻ ያበላል። ደግ ሰው ነው፤ ክፋቱ ቦታው ነው። ከአካል ጉዳተኞች ማቆሚያ ጎን ያለውን፣ ሰያፍ መስመር የተሰመረበትን ባዶ ቦታ ሰው የረሳው መስሎት ይዞታል።

"የአካል ጉዳተኛ ቦታ መች ነካሁ? ይሄ እኮ ዝም ብሎ ቀለም ነው!"

ደልፊን ከመስመሩ ወዲያ ወደቆመችው ሰማያዊ ቫን በአገጯ አመለከተችው። ሚስተር ሆሊስ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ጨዋታውን በሬዲዮ ይሰማሉ።

"እሳቸውማ መኪና ውስጥ መሆን ነው የሚወዱት" አለ ቨርነን። "በመስኮት ሳህን የማቀብላቸው እኔ አይደለሁ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ወርደው ያውቃሉ?"

"በየት በኩል ይውረዱ?"

ቨርነን ዞሮ አየ። የቫኗ የጎን በር ተከፍቶ የወንበሩ መወጣጫ የሚዘረጋው በዚህ በኩል ነው። እዚያ ላይ የሱ መጥበሻ ተገትሯል። የስጋ ማገላበጫውን አስቀመጠ።

ደልፊን ወደ ቫኗ መስኮት ሄደች።

"ሚስተር ሆሊስ፣ ምነው ሳይነግሩን?"

"ልጄ፣ ሰው ደስ ብሎት ሲያጎርስሽ፣ 'መንገድ ዘጋህብኝ' ትይዋለሽ?" አሉ ሽማግሌው። "ዛሬ ግን ልቤ አልችል አለ።"

የልጅ ልጃቸው በትምህርት ቤቱ ባንድ ውስጥ መለከት ትነፋለች፤ ባንዱ በእረፍት ሰዓት ሜዳ ይገባል። ልጅቷ ዘንድሮ ተመራቂ ናት፤ በዚህ ሜዳ የምትነፋው ዛሬ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። እሳቸው ግን እስካሁን በጆሯቸው ሰሟት እንጂ ስትነፋ በዓይናቸው አላዩአትም።

"ቅጣቱን ተይው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ከወንድምሽ አታጣይኝ። ጎረቤቴ ነው።"

ደልፊን ለሳቸውም አዘነች፣ ለወንድሟም አዘነች። እስክሪብቶዋን ግን ወደ ኪሷ አልመለሰችውም።

ቨርነን ፍሙ ላይ ውሃ ቸለሰበት፤ ከጓደኞቹ ጋር መጥበሻውን እየጎተተ አወጣ፤ መኪናውንም ወደ ሳሩ ነዳው። በሩ ተከፈተ፣ መወጣጫው ወረደ። ሚስተር ሆሊስ በገዛ እጃቸው መንኮራኩሩን እየገፉ ወረዱ። ቨርነን ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። እያበላሁ በር ዘግቼብዎታለሁ።"

"ስጋው ጥሩ ነበር" አሉ ሆሊስ። "ጨው ይበዛበታል እንጂ።"

ሁሉም ሳቁ። ቨርነን ቀለል ሲለው ወደ እህቱ ዞረ። "በቃ፣ አነሳሁ። ወረቀቱ ቀረ አይደል?"

"ጽፌዋለሁ" አለች ደልፊን። "ላንተ ከተውኩት፣ ነገ ለማን እጽፋለሁ?"

"እህት ወንድሟን? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!"

ቢሆንም ወረቀቱን ተቀበላት። አንብቦ ሲያበቃ ኪሱ አልከተተውም፤ የቀዘቀዘው መጥበሻ ክዳን ላይ ለጠፈው። "ከእንግዲህ ስጋ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ያንብብ" አለ።

ከሜዳው የባንዱ ከበሮ ተሰማ። ሚስተር ሆሊስ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ቆም ብለው ወደ ቫናቸው ዞሩ።

"ደልፊን፣ ሬዲዮው ክፍት ነው" አሉ። "አጥፊልኝ።"