በግልባጩ የታተመው ሰው

የፎቶውን የመስታወት ኔጋቲቭ ከሥሩ ከሚበራው ሰሌዳ ላይ አንስታ ስትገለብጠው ሰውየው እጁን ቀየረ። እስከ ዛሬ የፊልም ማሳያውን እጀታ በግራ እጁ ሲያዞር ነበር የምታውቀው፤ አሁን በቀኙ ያዞራል። መዝገብ ያዧ ክው አለች። መልሳ ገለበጠችው፣ ደግማ ገለበጠችው፤ መስታወት ግን በልመና አይለወጥም። ከሰውየው ጀርባ፣ ፎቶው ሲታተም ተቆርጦ በወጣው ጠርዝ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጫፍ ይታያል። «ትኬት» የሚለው ቃል በትክክል የሚነበበው ሰውየው በቀኙ ሲያዞር ብቻ ነው። ያኔ ፎቶውን ያተመው ባለሙያ ኔጋቲቩን በጀርባው አስቀምጦት ኖሯል።

የሌላ ሰው ፎቶ ቢሆን የመዝገብ ካርዱን አርማ ወደ ሥራዋ በተመለሰች ነበር። ካርዱ ላይ ግን በአባቷ ጥርት ያለ የእጅ ጽሕፈት «ፊልም አሳዪው አባቴ» ተብሎ ሰፍሯል። አባቷ ዛሬ እሷ በተቀመጠችበት ወንበር ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። በሁለት ዓመቱ ስለሞተበት አባቱ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ለከተማው ሰው መጀመሪያ ፊልም ካሳዩት አንዱ እንደነበረና ግራኝ እንደነበረ። ይህን ፎቶ ያገኘ ዕለት ግራ እጁን አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ አሉ። ቅጂው አሁንም ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል። ነገ የሲኒማ ታሪክ ዐውደ ርእዩ ሲከፈት፣ በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ ትልቁ ፎቶ ፊት ቆሞ ስለ አባቱ ሊናገር ነው።

ላብ ያጠመቃት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ወር አንዲት አሮጊት ወደ ቤተ መዛግብቱ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀለው ከዚሁ ፎቶ ፊት ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ አባቴ ነው። ጠባሳ አለው፣ በቀኝ ጉንጩ። ፊልሙ እሳት ተነሥቶበት ያተረፈው ጠባሳ ነው።»

«እማማ፣ የዚህ ሰውዬ ጠባሳ እኮ በግራ ጉንጩ ነው» አለቻቸው፤ በትሕትና፣ ግን በዐዋቂ ድምፅ።

አሮጊቷ ግራ እጃቸውን አንስተው አየር ላይ የሆነ ፊት ዳሰሱ። «ጭኑ ላይ ተቀምጬ በዚህ እጄ ነበር የምነካው... እንግዲህ የአባቴንም ፊት ረሳሁ በይኛ!» ብለው፣ የጎብኚዎች መዝገብ ላይ አድራሻቸውን ጽፈው ወጡ። እሷም ያን ዕለት ምሳዋን በሰላም በላች።

ለኃላፊው ነገረችው። እሱ በሌለበት ሠራተኛው «በኋላ» እያለ ይጠራዋል፤ ከአፉ የማትጠፋ ቃል ናትና።

«ልክ ነሽ» አለ መስታወቱን አገላብጦ። «በኋላ እናርመዋለን። የዐውደ ርእዩ መጽሔት ታትሟል፣ እንግዳው ተጠርቷል። ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ሴትየዋ ያውቁ ነበር። ያስረሳኋቸው እኔ ነኝ።»

«በኋላ አልኩሽ እኮ!»

ወጥታ ለአባቷ ደወለች። አላድበሰበሰችም፤ የሙያው ሰው ነውና ብታድበሰብስም ያውቅባታል። ስለ መስታወቱ፣ ስለ ማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ስለ አሮጊቷ ነገረችው።

«በሚያብረቀርቀው ገጽ፣ በጀርባው ነው ያተሙት?» አለ።

«አዎ አባባ።»

«እኔ! ስንቱን ጀማሪ ‹ምስሉ ያለበትን ደብዛዛውን ገጽ እይ› እያልኩ ያሰለቸሁት ሰውዬ! ግራ እጁን ሳይ ሌላ ነገር ማየት አልፈለግሁም።» ድምፁ ሰለለ። «ታዲያ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንን ነው ደህና አደርክ ስል የኖርኩት?»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዋ አዛወረች።

«ነገን ብቻ ተዪልኝ» አላት። «አንዲት ቀን። ከዚያ ወዲያ እንዳሻሽ። ሌላ ፎቶ የለኝም እኮ ልጄ።»

በሕይወቷ ለምኗት አያውቅም። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

«እሳቸውም የላቸውም፣ አባባ» አለች። ስልኩ ተዘጋ። ማን እንደዘጋው እሷም አላወቀችም።

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልነበረም። ወንበር አቅርባ ትልቁን ፎቶ አወረደችና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙራ አቆመችው። ከዚያ ኔጋቲቩን በትክክለኛው ገጹ ስካን አድርጋ አተመችው። ሰውየው በቀኝ እጁ ሲያዞር እንግዳ መሰላት፤ ልጅ ሆና ስታየው ያደገችው ፊት ባዳ ሆነባት፣ አለቀሰችም። ኅትመቱን በፖስታ አድርጋ፣ የአሮጊቷን አድራሻ ከጎብኚዎች መዝገብ ገልብጣ ወጣች።

በሩ ላይ ዘበኛው የንብረት መውጫ መዝገቡን ዘረጋላት። ፖስታውን ከፍቶ አየና ፈገግ አለ።

«አያትሽን ይዘሽ ልትጠፊ ነው? ለማን ይወጣል ልበል?»

«ለልጁ።»

«ለአባትሽ? ነገ እዚሁ ይመጡ የለም እንዴ?»

«አይ» አለች እስክሪብቶውን እየተቀበለች። «ሴት ልጅ አለችው።»

የፈቃጅ ስም በሚለው ቦታ ላይ የኃላፊው ስምና ፊርማ ነበር የሚያስፈልገው። እሷ የራሷን ስም ከነአባቷ አሟልታ ጻፈች።