ጠረጴዛ የሚታዘዘው ቢላ ለያዘ

ሚጢጢ ቀዶ ሐኪም እሆናለሁ ባለች ቀን አክስቷ ሳቀች፤ አባቷ ግን መጋዙን አስቀመጠ። አናጢ ነው፤ መጋዙን ከእጁ የሚያወጣው ወሬው ሲከብደው ብቻ ነው።

«እኔ ስቆርጥ እንጨቱ ዝም ይላል» አላት። «ያንቺ ይጮሃል።»

«የእኔም ዝም ይላል፣ አባዬ። ተኝቶ እኮ ነው።»

«ካልነቃስ?»

«እንዲነቃ ነዋ የምማረው።»

አክስቷ ሳቋን ጨርሳ ምክር ጀመረች። «የቆዳ ሐኪም ሁኚ፣ የእኔ እናት። የቆዳ ሽፍታ ሐኪምን በሌሊት ከአልጋው አስነስቶ አያውቅም።»

«ያሳክካል እኮ።»

«ቢያሳክከው እሱ ይከከው! አንቺን ምን አገባሽ?»

ሚጢጢ ግን ልቧ ቆርጦ ነበር። በአንድ እጅ ክር መቋጠር ስትለማመድ እቤት ውስጥ እጀታ ያለው ነገር ሁሉ ታሰረ። አክስቷ ስኳር ለማውጣት መቀስ ይዛ ወደ ቁም ሣጥኑ መሄድ ለመደች። አባቷም አንድ ጠዋት ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ወንበሩ አብሮት ተነሳ። ቋጠሮውን ጎተተው፤ አልላላም። በጥፍሩ ሞከረው፤ አልተፈታም። «ባለሙያ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «በይ አሁን ልቀቂኝ።»

ቋጠሮው እሺ ሲል እምቢ ያለው ቁመቷ ነው። ልትሠለጥን የገባችበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣ ሬዚደንት የሚባሉት ሠልጣኝ ሐኪሞች እሳቸው ሳይሰሙ «ምሰሶ» የሚሏቸው፣ በር ሲያልፉ አንገታቸውን የሚሰብሩ ሰው ነበሩ። የኦፕሬሽኑ ጠረጴዛ በእሳቸው ክርን ልክ ይቆማል፤ የሌላው ሰው ክርን የት እንደሚውል የሌላው ሰው ጉዳይ ነው። ሕጉንም በየጊዜው ያሰሙ ነበር፦ «ጠረጴዛ የሚታዘዘው ቢላ ለያዘ ነው።» የሚገርመው፣ ሬዚደንት ተራው ደርሶ ቢላውን ሲይዝ እንኳ ጠረጴዛውን ዝቅ ያደረገ አልነበረም። እሳቸው በረዳትነት ፊት ለፊት ቆመው ማን ይደፍራል? አጭሩ ይንጠራራል፣ ረጅሙ ያመሰግናል።

ሚጢጢ በመጀመሪያው ሳምንት በእግር ጣቷ ቆማ ረዳች። ምሰሶ ከላይ ሆነው ጠየቁ፦ «ምን ይታይሻል?»

«ክርንዎ፣ ዶክተር።»

መሣሪያ አቀባይዋ ነርስ ሳቋን በጭንብሏ ውስጥ ዋጠችው። ዕድሜዋን እዚያው ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ ሁሉም እትዬ ይላታል።

የሆስፒታሉን የብረት መቆሚያ ደግሞ ምሰሶ ራሳቸው ቀደም ብለው አስወጥተውታል፤ አንድ ሬዚደንት ተሰናክሎበት ነበር። ስለዚህ አባቷ መጋዙን አነሳ። ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ያለ ሣጥን ሠራላት፤ ላዩን የሚታጠብ ፕላስቲክ አለበሰው፣ እግሮቹን ጎማ አጫማቸው። እትዬ ሣጥኑን ገለባብጣ፣ በመድኃኒት አጥባ አስገባችው። ምሰሶ አዩት፣ አለፉት። ከዚያ ወዲያ ግን በጠሯት ቁጥር «ባለ ሣጥኗ» ሆነች።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሏት አንድ ቀን እጃቸውን እየታጠቡ። ክፋት አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው ነበር ያሉት። «ግን ይሄ ሥራ የቁመት ሥራ ነው። ለቆዳ ክፍል ልጻፍልሽ?»

«አይጻፉልኝ፣ ዶክተር።»

«አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ። ቆዳ ቀድጄ የማልፈው እንጂ የምቀርበት አይደለም።»

የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ደረሰ። ሬዚደንቱ ይቀድዳል፣ ምሰሶ ይረዳሉ፤ ሲወጡ «ትቀጥል» ወይም «ይብቃት» ይላሉ፤ ይግባኝ የለውም። የሚጢጢ በሽተኛ የሐሞት ጠጠር ያሰቃያት ልብስ ሰፊ ነበረች። አልጋው ላይ ሆና ሚጢጢን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ብዙም አልፈጀባት።

«የምትቀድጂኝ አንቺ ነሽ? ከፍ ያለ ሰው የለም?»

«አለ። እሱ ይረዳኛል።»

እጇን ታጥባ ስትገባ ምሰሶ ጓንታቸውን አጥልቀው ይጠብቋታል። ሣጥኑን በዓይናቸው ጠቆሙ። «ይሄ ዛሬ ይውጣ። ፈተና ነው፤ እንደ ሰው በእግርሽ ቁሚ።»

እትዬ ሚጢጢን አየች። ሚጢጢ የጠረጴዛውን ጠርዝ አየች፤ ደረቷ ላይ ደርሷል። እዚያ ላይ ሆና የሰው ጉበት ሥር ልትገባ ነው፤ ክንዷ ቢዝል፣ ክንዷን ሳይሆን ልብስ ሰፊዋን ነው የሚጎዳው።

«እሺ» አለች። «ሣጥኑ ይውጣ።» ወጣ። ወደ ማደንዘዣ ሰጪው ዞረች። «ጠረጴዛውን ዝቅ አድርግልኝ።»

ሰውዬው ምሰሶን አየ።

«ወደኔ እይ» አለች ቢላውን ከእትዬ ተቀብላ። «ቢላ የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ጠረጴዛው እየተነፈሰ ወረደ። ሚጢጢ ክርኗ ልክ ሲደርስ «በቃ» አለች። ለምሰሶ ግን ጭናቸው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሕጉ የራሳቸው ነው፤ በገዛ አፋቸው ያወጡትን በምን አፋቸው ይሽሩት? ጎንበስ አሉ።

ቀደደች። ውስጥ ስትደርስ ሰፊውን መያዣ አስጨበጠቻቸው። «ጉበቱን ወደ ላይ ይያዙልኝ።» ያዙ። እንደ ማጭድ ታጥፈው፣ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ያዙ። እትዬ ግንባራቸውን ስትጠርግላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መንጠራራት አላስፈለጋትም።

«ሣጥንሽ የት አለ?» አሉ ጥቂት ቆይተው።

«ውጭ። አስወጡት እኮ።»

«ይምጣና ጠረጴዛው ከፍ ይበል።»

«አሁን ጉበቱን ይዘዋል፣ ዶክተር። ባይነቃነቁ ይሻላል።»

ከሐሞት ከረጢቱ አንገት ሥር ሁለት ቱቦዎች ይገናኛሉ፤ መንታ ይመስላሉ። አንዱ ይቆረጣል። ሌላው ከተቆረጠ ግን በሽተኛዋ ዕድሜዋን ሙሉ ትከፍልበታለች።

«ያ ነው፤ ቁረጪው» አሉ ምሰሶ አንዱን በአገጫቸው እየጠቆሙ። ወገባቸው ነው ያናገራቸው።

«ገና አላየሁትም።»

«እኔ አይቼዋለሁ እያልኩሽ!»

«የሚቆርጠው የእኔ እጅ ነው፤ የእኔ ዓይን ይየው።»

መቀሱን መልሳ ስቡን በጥጥ መግፋት ጀመረች፤ ቀስ እያለች፣ ድፍርስ ውኃ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ ሰው። ምሰሶ አቃሰቱ፤ መያዣውን ግን አላንቀሳቀሱም። ያን ያህል ሐኪም ናቸው። ቱቦዎቹ ተለያይተው፣ አንዱ ወደ ከረጢቱ፣ ሌላው ወደ ታች ሲሄዱ ጥርት ብለው ታዩ። ምሰሶ የጠቆሙት ትክክለኛው ነበር።

«ብዬሽ ነበር» አሉ።

«አዎ» አለች። «አሁን እኔም አልኩ።» ቋጠረችና ቆረጠችው። ቋጠሮውን እንደ አባቷ ቢጎትቱት፣ እንደ አባቷ ባልፈቱት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ነቅታ ውኃ ስትጠይቅ ምሰሶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቀና ለማለት እየሞከሩ ነበር። ወገባቸው እምቢ አለ። ሚጢጢ ከበሩ ሥር ሣጥኑን በእግሯ ገፋ አደረገችላቸው። አዩት፣ አዩአት፣ ተቀመጡበት። አሁን ቁልቁል የምታያቸው እሷ ናት።

«ማነው የሠራው?»

«አባቴ።»

በመቀመጫቸው ወዲህ ወዲያ ገፉት። «አይነቃነቅም።»

«አይነቃነቅም።»

እትዬ መሣሪያ የምትቆጥር መስላ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ትቀጥል» አሉ ምሰሶ ለእትዬ፣ ሚጢጢ እዚያ የሌለች ይመስል። ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለው አዩዋት። «ግን ነገ እኔ ነኝ የምቀድደው። ጠረጴዛው ወደ ቦታው ይመለሳል።»

«ይመለስ» አለች ሚጢጢ። «ሣጥኔም ይመለሳል።» እጇን ዘረጋችላቸው። «እስኪ ይነሱልኝ፤ ልውሰደው።»